የመራዊው አግዳሚ ወንበር

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከቆሎ ተማሪዎች ሥር ተለጥፌ ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ሬዲዮ ጠግኛለሁ፣ የጀልባ ሞተር ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ ጤና ጣቢያ የሚታደለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ አንብቤአለሁ። ስለዚህ በጽዋ ማኅበራችን፣ ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ስለ ኤች አይ ቪ የማስተምረው እኔ ነበርሁ። ዲግሪ የያዙ ጎረቤቶቼ እንኳ ጸጥ ብለው ይሰሙኝ ነበር።

ይህ ቫይረስ ከዘበኛ ተደብቆ አይገባም እላቸዋለሁ። የሚገባው ከራሱ ከዘበኛው ቤት ነው። ሰውነታችንን በሚጠብቀው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ዘልቆ፣ በሴሉ ጓዳ ራሱን ያባዛል። ዘበኛው ሲወድቅ የቫይረሱ ልጆች ወደ ሌሎቹ ዘበኞች ይበተናሉ። ዘበኛ ያለቀበትን ቤት ደግሞ ተራ ሳል ይዘርፈዋል። ከዚህ አጥርቶ ያስረዳ ሐኪም እስካሁን አልሰማሁም።

ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቀመጠው ወዳጄ ነበር። ከዘጌ ቡናና ሎሚ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ያመላልስ ነበር፤ አርባ ዓመት አብረን ጽዋ ጠጥተናል። ስሙን አልጽፍም፤ ቀሪውን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዷል።

አሥራ አንድ ዓመት ይሆናል፣ በሰፈራችን የመመርመሪያ ድንኳን ሲተከል አብረን ገባን። ጣታችንን ተወጋን፤ ለሁለታችንም አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ነጻ ማለት ነው። እኔ ግን የነገሩን ሥር አውቃለሁና ገና አላለቀም አልሁት። ያ መመርመሪያ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን መከላከያ ነው፤ ያ እስኪታይ ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። በቅርቡ የተያዘ ሰው ነጻ መስሎ ሊወጣ ይችላል። በሦስተኛው ወር እኔ ደገምሁ፤ አሁንም ነጻ ነበርሁ። እሱ መራዊ ያለችውን እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው እንደ ደገመ፣ ነጻም እንደሆነ ነገረኝ። ወረቀት አልጠየቅሁትም፤ የጽዋ ወንድም ወረቀት አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ ባስተማርሁ ቁጥር ሁለታችንን ምሳሌ አድርጌ እጠራ ነበር።

አምና መራዊ ለልቅሶ ሄጄ ደም ግፊቴ ተነሳብኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ወዳጄ ከመጨረሻው ክፍል ወጣ። ክኒኑ በመንገድ እንዳይንኳኳ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቀ ነበር። ነርሷ ከኋላው ቀጠሮውን እንዳይረሳ አሳሰበችው። የዚያን ክፍል ሥራ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም።

ሲያየኝ አልሸሸም። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። በሦስተኛው ወር መመርመሪያው ሁለት መስመር እንዳሳየ፣ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ደግመው እንዳረጋገጡለት፣ ሚስቱ ተመርምራ ነጻ እንደሆነች፣ እሱም መድኃኒቱን አንድ ቀን እንዳላጓደለ ነገረኝ። እህቴን ልጠይቅ እያለ ይመላለስ ነበር፤ እሷ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ግን በየጊዜው ሰላምታ እልክላት ነበር።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አልሁት።

«ሚስቴ። የነፍስ አባቴም ያውቃሉ።»

«እኔስ?»

ብልቃጡን ኪሱ ከተተ። «አንተ ስታስተምር ምሳሌ ታበዛለህ» አለኝ። «ምሳሌ እንዳልሆን ፈራሁ።»

በአንድ አውቶቡስ ተመለስን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ ስንት ሰው ከመድኃኒቱ ጋር እንዳስታረቅሁ እቆጥር ነበር። ባዳ እየመጣ ምስጢሩን አዋየኝ። ወዳጄ ግን ከእኔ ለመሸሸግ አሥር ዓመት መራዊ ተመላለሰ።

በሚቀጥለው ማኅበር አንዲት ሴት ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው አሥር ዓመት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያም በላይ ይኖራል አልሁ፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሥሩ ነቅሎ አያወጣውም፣ እንዳይባዛ ግን ያስረዋል፤ ዘበኞቹም ያገግማሉ።

ሴትዮዋ አላመነችኝም። «እስቲ እንዲያ የኖረ ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ወዳጄ ጽዋውን እንደያዘ ከፊቴ ተቀምጧል። ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ምሳሌ እጄ ገብቶ አያውቅም።

«አላውቅም» አልሁ።

ወዳጄ ተነሥቶ ጽዋውን አቀበለኝ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳላይ ጠጣሁ።