ጨው የጠጣው መስመር

ባለቤቴ ሸዋነሽ ውሃ የምትፈልገው በጨው ነበር። እንዲህ ስል ሰዎች የምቀልድ ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን እንደዚያው ነው። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ ቀጥታ መስመር መሬት ላይ ይተከላሉ። በዳርና ዳር ካሉት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይገባል፤ መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ መሬቱ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ እንዳሳለፈው ወይም እንደከለከለው ለመሣሪያው ይነግሩታል። ደረቅ አለት ይከለክላል። የበሰበሰና ውሃ ያዘለ ድንጋይ ያሳልፋል። የዳሮቹ ካስማዎች በተራራቁ ቁጥር መሣሪያው ጠለቅ ያለውን ያያል። በበጋ ግን የላዩ አፈር እንደ ሸክላ ስለሚደርቅ ብረትና መሬት በደንብ አይገናኙም። ስለዚህ በየካስማው ሥር ጥቂት የጨው ውሃ ይፈሳል።

ሸዋነሽ ያለፈው ክረምት ሲገባ ሞተች። የቢሮው ሰዎች በዓመታዊው መጽሔት ላይ ስለ እሷ እንድጽፍ ጠየቁኝ። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሰው ነገር አታዛባም አሉኝ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁ ለይቼ እጽፋለሁ።

የተወለደችው ወሎ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእናት ከአባቷ ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጣች። አባቷ ብዙም ሳይቆይ በወባ ሞተ። እናቷ ወይዘሮ ብሪቱ በሰፈሩበት አምባ ማሽላ እያረሱ አሳደጓት። አምባ የምንለው በቁጥር ብቻ የሚጠራ የሰፋሪዎች መንደር ነው፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ስለሚኖሩ ቁጥሩን አልጽፍም። አሶሳ ተምራ አርባ ምንጭ የውሃ ሥራ ትምህርት ተከታትላ ስትመለስ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ቢሮዎቹ ከጠረጴዛ ይልቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔም የድሮው አስተዳደር ወረቀት በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ ስለነበር እሱን እንዳደራጅ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁት በዚያው ጊዜ ነው።

የጥናት ቡድኑ ትንሽ ነበር። ኃላፊው አቶ ሁንዴሳ የነቀምቴ ሰው፣ ጂኦሎጂስት ነው። ሸዋነሽ መሣሪያውን ታነባለች። ካስማ የሚተክለው፣ የጨው ውሃ የሚያፈሰውና በርታኛ የሚያስተረጉመው ማህጁብ ነበር። ማህጁብ በአማርኛ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ሸዋነሽን ግን በዐረብኛ «ያ ኡኽቲ»፣ እህቴ፣ ይላት ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. በጋ ነው። አንድ የመቆፈሪያ ማሽን በባምባሲ በኩል ሊያልፍ መሆኑ ተሰማና ክልሉ ዝናብ ሳይገባ አንድ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ተፈቀደለት። አንድ ብቻ። ሁለት መንደሮች ለጥናት ተመረጡ፤ አንዱ የወይዘሮ ብሪቱ አምባ፣ ሌላው ከአምባው ማዶ ያለው ፋዱሉ የተባለ የበርታ መንደር። አምባው ደርግ ያስተከለለት ፓምፕ ነበረው፤ ከተበላሸ ግን ቆይቷል። ፋዱሉ መጀመሪያውኑ ምንም አልነበረውም። የሁለቱም ሴቶች ከአንድ ወንዝ ነበር የሚቀዱት፤ ወንዙ በበጋ ስለሚጠፋ አሸዋውን እየጫሩ።

መጀመሪያ አምባው ተለካ። ይህን የነገረኝ ማህጁብ ነው። የመሣሪያው መርፌ አልረጋ አለ። የአምባው ሴቶች ዳር ቆመው ያያሉ፤ ወይዘሮ ብሪቱም አሉበት።

«ጨው ጨምርበት፤» አለች ሸዋነሽ።

«ያ ኡኽቲ፣ ውሃ ፍለጋ መጥተን ውሃ እንደፋለን። ሰው ቢያየን ያበደ ይለናል።»

«እያዩን ነው። ጨምር።»

ጨመረበት፤ መርፌው ረጋ። ሸዋነሽ ወደ እናቷ ቀና ብላ ፈገግ አለች። የመስመሩ ውጤት ግን ደካማ ሆነ፤ ከሥር ያለው ደረቅ አለት ነው።

ቀጥሎ ፋዱሉ። እዚያ የካስማውን ውሃ ከራሷ እንስራ የሰጠቻቸው ሀምዲያ የምትባል የአራት ልጆች እናት ናት። ማህጁብ ውሃውን መሬት ላይ ሲያፈሰው ቆማ አየችው።

«ልጅ አልጠጣም ይኼ ውሃ፤» አለች፣ ሸዋነሽም እንድትሰማ በአማርኛ።

«ለመሬት ነው፤ መሬት ይጠጣል፤» አላት።

«እና መሬት መቼ ይመልሳል?»

«ኢንሻላህ፤ እሱን ሸዋነሽ ያውቃል።»

የፋዱሉ ውጤት መካከለኛ ነበር። ውሃ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ግን አይደለም። አቶ ሁንዴሳ ለአምባው ሌላ ዕድል እንስጠው ብሎ ከመንደሩ ዳር ባለው ሜዳ ሁለተኛ መስመር እንዲለካ ወሰነ። ለካስማ የሚመች ሌላ ቦታ አልቀረም፤ ከሜዳው ወዲያ ያለው ገላጣ ድንጋይ ነው። ዋዜማውን መጥተው መሃሉንና ዳርና ዳሩን በችካል ምልክት አድርገው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ለኩ። መርፌው ገና ከመነሻው ረጋ። ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ ዝቅ ማለት መሬቱ ኤሌክትሪኩን አሳለፈ ማለት ነው፤ ለውሃ ፈላጊ መልካም ነው። አቶ ሁንዴሳ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነጥብ በነጥብ በወረቀት ላይ አስቀመጣቸው።

«ሸዋ፣ ነይ እዪው። የእናትሽ አምባ አለፈለት። ከፋዱሉም ይበልጣል።»

እሷ ግን ፍየሎች እያየች ነበር። የመንደሩ ፍየሎች ሜዳው መሃል ተሰብስበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሣር የለም። መሬቱን ነበር የሚልሱት። ሄዳ አባረረቻቸው፤ የላዩን አቧራ በእጇ ጠረገችው። ከሥር እርጥብ ነበር። ጣቷን አስነክታ ቀመሰችው።

ማህጁብ ከኋላዋ ደረሰ። «ወላሂ፣ እኔ እዚህ ጋ አላፈሰስኩም። እኔ ካስማ ሥር ብቻ ነው። ይኼን ፍየል ቢሮ ይቅጠረው፤ ከኔ በፊት አወቀ።»

አልሳቀችም። መሃል ካለው አንዱ ካስማ እስከ ሌላው ድረስ እየተንበረከከች ቀመሰች። ከዚያ ወደ ማንጎው ተመለሰች።

«መስመሩ ተበላሽቷል። መሃሉን በሙሉ ጨው አጠጥተውታል።»

«ጨው እኛም እናፈሳለን።»

«ካስማ ሥር ነው የምናፈሰው። አሁን የለካነው መሬቱን አይደለም፤ የጨዉን ውሃ ነው።»

አቶ ሁንዴሳ እስክሪብቶውን ከደነ። «ከሥሩስ ውሃ ቢኖር?»

«ሊኖር ይችላል። አላየነውም።»

«ደግመን እንለካው?»

«ጨዉ ካልታጠበ ያው ነው። የሚያጥበው ዝናብ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ማሽኑ በዚህ መንገድ አይገባም።»

ከዚያ እንዲህ እንዳላት ራሱ አቶ ሁንዴሳ ነግሮኛል፦ «የለካሽው አንቺ ነሽ። የምትዪኝን እጽፋለሁ። እኔ ፍየል አላየሁም ማለት እችላለሁ።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«እናትሽ ናቸው እኮ የሚጠጡት።»

«እዚህ አስቆፍረን አለት ብናገኝ ማንም አይጠጣም። ፋዱሉን ጻፍ።»

ከእናቷ ጋር የተነጋገሩትን የሰማሁት ከእሷ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ሌላ ጊዜ ስጠይቃት ነግሬሃለሁ አለችኝ። እናቷ ቤት ስትገባ የጨው ማሰሮው ታጥቦ በአፉ ተደፍቶ ነበር።

«እማዬ፣ ማን አዘዛችሁ?»

«ማን ያዘናል? አንች አይደለሽም? ያን ለት ያ ብረትሽ እምቢ ሲል ጨው አጠጣሽው። ሲጠጣ ፊትሽ ፈካ። በዓይኔ ነው ያየሁ።»

«እሱ እንዲረጋ ነው። ውሃ አያመጣም።»

«እኛ ምን እናውቃለን። ሴቱ ሁሉ ያለውን ጨው አዋጣ። ውሃውን ከወንዝ ድረስ በጀርባችን ነው ያመጣነ። የብሪቱ ልጅ በሰው ፊት ብረቱ እምቢ ብሏት እንዳታፍር ብለው ነው።»

«ፋዱሉ ይቆፈራል፤ እማዬ።»

«እዚህ ድንጋይ ነው?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ምነው ለኛ አላደላሽ?»

የነገረችኝ እስከዚህ ድረስ ነው።

ፋዱሉ ሲቆፈር እኔም ነበርኩ፤ ከማሽኑ ጋር የመጡትን ሰነዶች ለመረከብ ተልኬ። መጀመሪያ ግራጫ የድንጋይ ዱቄት ወጣ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ። ብዙ አልነበረም። ይበቃል። የመንደሩ ሰዎች የሚተከለውን ፓምፕ እንድትጠብቅ ሀምዲያን መረጡ። ከሸዋነሽ ጋር የተዋወቅነውም የዚያን ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ውሃውን ሲቀምስ እሷ መኪናው ጎን ቆማ ኬብል ትጠቀልል ነበር።

በዓመቱ ተጋባን። መጀመሪያ አምባው ቤት ለምሳ ስንሄድ ወይዘሮ ብሪቱ የዶሮ ወጥ ሠርተው ጠበቁን። ጨው አልነበረውም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ጨው ይኖር እንደሁ ጠየቅኳቸው።

«ጨዋችንን መሬት ጠጣው፤» አሉኝ። «የት እንዳለ ሚስትህን ጠይቃት።»

ሸዋነሽ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። በላን። ለፋሲካም ስንሄድ ጨው አልነበረውም፤ ለመስቀልም። ማህጁብ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ወይዘሮ ብሪቱ አብልተውት ወጡ እንደጣፈጠው ነገረኝ። ጨውስ አልኩት። «ልክ ነው፤ አበሻ ወጥ ነው፤» አለኝ። ለሌላ ሰው ጨው እንደሚያደርጉበት ያወቅኩት ያኔ ነው። ለሸዋነሽ አልነገርኳትም። ታውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ አልጠየቅኳትም።

እናትና ልጅ አልተጣሉም። ስትሄድ ይስሟታል፣ ስትታመም ይመጣሉ፣ ስለ ማሽላው ያወሩላታል። ወጡ ብቻ ነው። እሷም አንድ ቀን እንኳ ከገበያ ጨው ገዝታ አልሄደችም። ሌላ ነገር ሁሉ ትገዛላቸው ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ነጠላ። እኔ አንድ ጊዜ ጨው ልጨምርበት ስል ዘንቢሉን ከእጄ ወሰደችው።

አምባው እስካሁን ጉድጓድ አላገኘም። ማሽኖች በሌሎች ዓመታትም መጡ። አምባው ግን በእግር በሚደረስበት ርቀት የፋዱሉ ፓምፕ ስላለ ውሃ ካገኙ መንደሮች ጋር ተመድቧል። ሸዋነሽ ይህ እንዲነሳ ብዙ ጊዜ አመለከተች። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ መሣሪያውን በእረፍት ቀኗ ይዛ ሜዳውን ልትለካው ሄደች። እናቷ ከበራፋቸው ሳይነሱ፣ «በኔ ደጅ ሁለተኛ ብረት አትትከይ፤» አሏት። ካስማዎቹን ሳታወርድ ተመለሰች። ከጨዉ በታች ምን እንዳለ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮ ብሪቱ ከፋዱሉ ነው የሚቀዱት። ሀምዲያ ባየቻቸው ቁጥር፣ «የሸዋነሽ እናት፣ ወደ ፊት እለፍ፤» ትላቸዋለች። እሳቸው ተራዬ አልደረሰም ይላሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሀምዲያ ሌሎቹን ሴቶች ታስቆማለች፤ ወይዘሮ ብሪቱ ጀሪካናቸውን ከኋላ አስቀምጠው ይቆማሉ። ሁለቱም አይሸነፉም። ሰልፉ እስኪያልቅ እንዲህ ይሆናል።

ሸዋነሽ ታመመች፤ ጉበት ነው ተባለ። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። እናቷ መጥተው አስታመሟት። እናቷ ዘንድ፣ አምባው አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች።

ለቅሶው እናቷ ቤት ሆነ፤ ብዙ ሰው ነበረበት፤ ከአሶሳ ቢሮዎቹ መጡ፣ ከባምባሲ መጡ፣ ካስማ ከተተከለባቸው መንደሮችም መጡ። ውሃ አለቀ። ይህን ማን ለፋዱሉ እንደነገረ አላጣራሁም። ከሰዓት በኋላ የፋዱሉ ሴቶች ከእንጨት በሁለት ጫፍ ጀሪካን አንጠልጥለው በትከሻቸው ተሸክመው በሜዳው በኩል መጡ። ሀምዲያ ከፊት ነበረች። ጀሪካኖቹን ጓዳው በር ላይ ደርድረው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ወይዘሮ ብሪቱ ተነስተው ወጡ።

«ተራ አልጠበቅሽም፤» አሏት ሀምዲያን።

«ዛሬ ተራ የለም፤» አለች ሀምዲያ።

ወይዘሮ ብሪቱ ጀሪካኑን አንስተው ራሳቸው ወደ ጓዳ አስገቡት።

ሠልስቱ ወጥቶ ሰው ሲበተን ከእሳቸው ጋር ሁለታችን ቀረን። ከእንባ በቀር ሥራ የማይኖረኝ መስሎኝ ነበር፤ እንባም አልነበረኝም። ማዕድ አቀረቡልኝ፤ የምስር ወጥ ነው። በልማዴ ምንም ጣዕም ሳልጠብቅ ጎረስኩ።

ጨው ነበረበት።

ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ እሳቸውም አላዩኝም። የቀረበልኝን ጨረስኩት። ጭልፋውን ይዘው ቆመው ነበር።

«ልጨምርልህ?» አሉኝ።

ሳህኑን ዘረጋሁላቸው።