ቅቤ ያሞቀው ቤት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ልጄ ሰናይት አራስ በነበረች ጊዜ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ሁለት ቤት ያለው ሰው ምን ያህል ሊያንስ እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ብርድን ለማወቅ ግን ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ልጄ፣ ባሏና እኔ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ፣ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አከራያችን አቶ ደጀኔ የኛው አገር ሰው ነው፤ በአንድ ቸርች ነው የምናመልከው። እሱ ራሱ የሚኖረው በርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ስንገባ ሂቱ፣ የማሞቂያው ወጪ፣ ከኪራዩ ጋር ነው ብሎን ነበር። ብሎን ነበር ነው የምለው።

የቤቱን ሙቀት የምታዘው ዕቃ፣ ቴርሞስታት የሚሏት፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ናት። አቶ ደጀኔ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ቆልፎባታል። እሱ በርክ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ ከፍና ዝቅ ያደርጋታል። ከፍ ሲያደርጋት ግን አላየሁም። ስልሳ ላይ ነው የሚተዋት። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ስልሳ ሲባል እሳት ይመስላችሁ ይሆናል። በዚህ አገር አቆጣጠር ስልሳ ማለት ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሶ መቀመጥ ነው።

በዚያ ላይ ይመክረናል። በየሳምንቱ በስልክ ድምፁን ቀድቶ ይልክልናል። ሁለት ካልሲ ልበሱ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ሾርባ ጠጡ። ሰው እንዲህ ተንደላቆ ስለ ሌላው ሰው ብርድ ሲያስተምር ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ ከሆስፒታል ስትገባ ባሏ ኮል አደረገለት። አራስ ናት፣ ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን ነው፣ ሕፃኗም እጇ እየቀዘቀዘ ነው፣ ለአንድ ወር ብቻ ከፍ አድርግልን ብሎ ለመነው። አቶ ደጀኔ ግን አራስ ብርድ ብርድ የሚላት ከሆርሞን ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ አለው። ባሏ ስልኩን ዘጋ። ጋቢዬን ሕፃኗ ላይ ደረብኩላት።

በማግስቱ ባሏ የታጠበ ልብስ ተሸክሞ ሲገባ የውጭውን በር ሳይዘጋ ቀረ። ብርዱ በደረጃው ወርዶ ኮሪደሩን ሞላው። ወዲያው ማሞቂያው እየጮኸ ተነሣ። ቆሜ አሰብኩ። ለካ ይህች ዕቃ የምታውቀው አጠገቧ ያለውን ብቻ ነው። እሷ ካልበረዳት እኛ ብንደርቅ ግድ የላትም። ጌታዋን ነው የወጣችው።

ፍሪዘራችን ውስጥ ለገንፎ የሚሆን፣ ከአገር ቤት የተላከ ቅቤ ነበረን። እንደ ድንጋይ ደርቋል። አንዱን ፌስታል አወጣሁና በሲባጎ አስሬ ሳጥኗ ላይ አንጠለጠልኩት። ጥቂት ቆይቶ ማሞቂያው ተነሣ። አንዱ ቅቤ ሲላላ ወደ ፍሪዘር እመልሰዋለሁ፣ ሌላውን እሰቅላለሁ። ቤቱ ሞቀ። ልጄ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደች፣ ሕፃኗም እጇን ከጨርቁ አውጥታ ተኛች። በሰው ቤት ተንኮል መሥራቴ ትንሽ ከነከነኝ፤ የሕፃኗን እጅ ስነካው ግን ተወኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቸርች ሰዎች አራስ ጥየቃ መጡ። አቶ ደጀኔም መጣ። ለሕፃኗ ያመጣላት ስጦታ የሱፍ ኮፍያ ነው። ልብ በሉልኝ።

ገብቶ ኮቱን አወለቀ። እንዴት ይሞቃል አለና ስልኩን አውጥቶ ለሰው ሁሉ ያሳይ ጀመር። ቴርሞስታቷ የለካችው ሙቀት ሃምሳ ስምንት ነው የሚለው። እዩ፣ ሃምሳ ስምንት ሆኖ እንዲህ ይሞቃል፤ መስኮቱን በፕላስቲክ ስላሸግኩት ነው፣ ብልሃት ይጠይቃል አለ። ቤት ያላቸው ሰዎች ከበቡት። እንዴት እንደሚቆጥብ ጠየቁት። እሱም ገንፎ በያዘ አፉ ብዙ አስተማረ። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች።

በመጨረሻ ሳጥኗን ላሳያችሁ ብሎ ሰዉን አስከትሎ ወደ ኮሪደር ወጣ። ያኔ ፌስታሉን አየ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አልኩት።

«ቅቤ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ያሞቀናል።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባቸው እትዬ ወርቄ ናቸው፤ እኚህ ሴት ዊተን የሚኖሩ የቸርቻችን እናት ናቸው። «ደጀኔ፣ ያከራየኸውን ቤት የሚያሞቀው ቅቤው ነዋ፤ ኪራዩን ለሱ ይክፈሉ እንጂ» አሉት። ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ።

ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ስልኩን ነካካና ስልሳ ሁለት አደረግሁላችሁ አለ። ሁለት ቁጥር። ይህን አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገና «እንግዲህ ለአራሷ ስል ነው። አባባ፣ ይመርቁኝ» አለኝ።

ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ። መርቅ የተባለ ሽማግሌ እምቢ አይልም። እኔም እጄን አንስቼ «ለዚህች አራስ የሰጠኸውን ሙቀት ያህል ጌታ ለቤትህ ይስጥልህ» አልኩት።

አሜን ተባለ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው እሱ ነው። እትዬ ወርቄ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወሩ ሳያልቅ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ በሚሏት ከተማ ሌላ ቤት አግኝተን ወጣን። እዚያ ሙቀቱን የምናዘው ራሳችን ነን። አቶ ደጀኔን እሁድ እሁድ አገኘዋለሁ፣ ሰላምም እለዋለሁ፤ ሰውን መናቅ ሰላምታ አይከለክልም። ልጄ አንዳንዴ አባዬ ረግመኸዋል ትለኛለች። እኔ እርግማን አላውቅበትም። መርቅ ተባልኩ፣ መረቅሁ። መጠኑን የቆረጠው እሱ ነው።