የባሏ እጅ ጽሕፈት

ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ችግኜ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በቀልድ ነው። አንድ ቀን መሐረብ ፍለጋ የሥራ ጋዋኗን ኪስ ስትገለብጠው የጃካራንዳ ፍሬ፣ ሲባጎና ደርቆ የተኮማተረ የፍግ ጓል ንጹሕ ወለል ላይ ዝርግፍ አለ። አለቃቸው ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ ቀደማት። ከዚያ ወዲህ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም የቀረው ሰዓት መፈረሚያው መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ዛፍ ያስጀመራት አንዲት የማታውቃት ሴት ናት። ያኔ ከሆስፒታሉ በር እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ያለው መንገድ ራቁቱን ነበር። አስታማሚዎች የጉብኝት ሰዓት እስኪደርስ አጥሩን ተደግፈው፣ ካርቶን አናታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይቀቅላቸው ነበር። አንድ ቀን ችግኜ ከሥራ ስትወጣ፣ የታመመ ባሏን ልትጠይቅ የመጣች ነፍሰ ጡር ተራ ስትጠብቅ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ችግኜ ደግፋ ጥላ ልትወስዳት ግራ ቀኙን ብታይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ቆማ በገዛ ሰውነቷ ከለለቻት።

በሳምንቱ የአንድ ዛፍ ተካዮች ማኅበር በር አንኳኳች። ማኅበሩ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፣ አሥራ ሁለት አባላትና ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነው።

«አባል መሆን ፈልጌ ነበር፤ ግን መምህር፣ ስለ ዛፍ የማውቀው ነገር የለም» አለቻቸው።

«ውሃ መሸከም ታውቂያለሽ?»

«እሱማ ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያው የሚያስፈልገውን ታውቂያለሽ። ሌላው ወሬ ነው» አሏት።

ባሏ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነው። ነገር የማያበዛ፣ ቃሉ በልኬት የሚወጣ ሰው። የመጀመሪያው ተከላ ቀን እሷን አድርሶ ሊመለስ መጥቶ፣ አባላቱ በዓይን ግምት ሲቆፍሩ ትንሽ ቆሞ አያቸው። «እንዲህ ከተከላችሁ ከመጠጥ ቤት የወጣ ሰው የተከለው ነው የሚመስለው» አለና ከመኪናው ሜትሩንና ገመዱን አወጣ። በየአምስት ሜትሩ ካስማ እየቸከለ ከፊት ሄደ፤ እሷ ከኋላ እየቆፈረች ተከተለችው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጉድጓድ። ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ሙሉ ቀን ጎን ለጎን ሲውሉ ግን ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ማታ ቤት ገብተው፣ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ከወንበር መነሳት ሲያቅታቸው ሳቅ ገደላቸው። ችግኜ ከትዳርሽ የትኛው ቀን ይደገምልሽ ቢሏት ያንን ነበር የምትመርጠው።

በመጀመሪያው ዓመት ስልሳው ሞተ። ፍየል በላው፣ ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ ገጨው፣ መከለያውን ሰው ነቅሎ ወሰደው። እያንዳንዱን ተካች። የማጠቢያ ማሽኖቹ የመጨረሻ ዙር ውሃ ንጹሕ ስለሆነ፣ ወደ ቱቦ ከሚሄድ ይሰጠኝ ብላ አለቃዋን ለምና አስፈቀደች። ሥራ ከመግባቷ ሁለት ሰዓት ቀድማ በጋሪ ጀሪካን እየገፋች ታጠጣለች። ልጇ፣ ያኔ ኮሌጅ ገብታ ነበር፣ «እማዬ፣ የአንቺስ ነገር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ» ብላ ስትቀልድባት፣ «እኔ እቀዳለሁ፤ ዛፉ ግን እስካሁን አልመለሰም» ትላታለች።

ዛፎቹ በሰባተኛው ዓመት ገደማ ከላይ ተገናኙ። ካርቶን አናቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ጠፋ። አስታማሚ ከግንዳቸው ሥር ያንቀላፋል፣ ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ ግንድ ይዞ ትንፋሽ ይሰበስባል። ማን እንደተከለው የሚጠይቅ አልነበረም፤ እሷም እንዲጠይቁ አልጠበቀችም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሪዋን እየገፋች ስትደርስ የመጀመሪያው ዛፍ ግንድ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎ አየች። አንድ። ቀጥሎ ሁለት። ማኅበሩ ቆጠራ ጀምሮ ይሆናል ብላ አለፈች። ሰባተኛው ዛፍ ጋ ስትደርስ ጋሪዋን አቆመች። ሰባቱ ወገቡ ላይ በአጭር መስመር ታስሯል፣ እግሩም ወደ ውጭ ታጥፏል። እንደዚያ አድርጎ ሰባትን የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ከአንድ ቀን በፊት እሁድ ነበር፤ እሷ ልጇ ዘንድ ውላለች፣ እሱ «የመስክ ሥራ አለብኝ» ብሎ ቀርቷል።

አሥራ ሰባት። ሃያ ሰባት። እስከ መጨረሻው ሄደች። ያመጣችውን ውሃ ግን አልደፋችውም፤ እንደ ወትሮው አጠጣቻቸው።

ማታ ቤት ስትገባ ባሏ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ደብቋቸዋል።

«ሰባትህን አየሁት» አለችው።

ቀና አላለም።

«ለምንድን ነው ቁጥሩ?»

«መንገዱ ሊሰፋ ነው። በዛፎቹ በኩል ስምንት ሜትር።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«አምስት ወር ይሆነዋል።»

አምስቱን ወር በልቧ ወደ ኋላ ሄደችባቸው። ያረጁ መከለያዎች የቀየረችበት ነው። በደረቁ ሰሞን ትከሻዋን አሟት በጨርቅ አስራ የገፋችበት ነው። ማታ ማታ «ዛሬስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም አንድ በአንድ ትነግረው ነበር።

«አምስት ወር ሙሉ ውሃ ስሸከም እያየኸኝ?»

«ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ፊትሽን ሳየው አፌ ይታሰራል። ደግሞ ዕቅድ ነው፣ ይቀየር ይሆናል ብዬ...»

«ቁጥሩንስ?»

«እኔ ባልጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።»

«ሌላ ሰው ይጽፈው ነበራ» አለች። ከዚያ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ እሱ ያጠበውን ጭምር ደግማ አጠበችው።

በማግስቱ ለመምህሩ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ኮንቴይነሩ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን ብዙ ጊዜ ጠረጉት። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ሁለቱ ተያይዘው መንገዶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። የተቀበላቸው ኃላፊ ወንበር ስቦ ያስቀመጠ፣ ጨዋ ሰው ነበር።

«ለሚቆረጠው ለእያንዳንዱ ሦስት ችግኝ ከከተማ ውጭ እንተክላለን» አላቸው።

«እዚያ ፀሐይ ላይ የሚቆም አስታማሚ አለ እንዴ?» አሉት መምህሩ።

ኃላፊው ካርታውን ዘረጋላቸው። «እውነቱን ልንገራችሁ? በወዲያ በኩል ያለው ባዶ ግቢ ነው። መስመሩን ወደዚያ ማዞር ይቻል ነበር። አስተያየት ያለው ይምጣ ብለን ማስታወቂያ ለጥፈን ሦስት ወር ጠብቀናል፤ አንድም ሰው አልመጣም። አሁን ውሉ ተፈርሟል። ያኔ ብትመጡ ኖሮ...»

ማስታወቂያው የተለጠፈው እዚያው ግቢ፣ ሠራተኞች በሚወጡበት በሚገቡበት ኮሪደር ነበር። ችግኜ ስትወጣ አየችው፤ ፀሐይ አንጥቶት ጥጉ ተጠቅልሏል። ባሏ በቀን አራት ጊዜ ያልፍበታል።

ልጇ ይህን ስትሰማ ክው አለች። «አባዬ ያውቃል? ቢናገር ኖሮ ይተርፉ እንደነበር?»

«ጭራሽ መስመሩ ይዞራል ብሎ አላሰበም። አትንገሪው።»

«ለምን? ይወቀው እንጂ።»

«አይችለውም» አለች ችግኜ። «አባትሽን እኔ አውቀዋለሁ። አይችለውም።»

ሁለት ሳምንት ጊዜ ተሰጣቸው። ትልልቆቹ እንደማይነቀሉ ግልጽ ነው፤ በቅርቡ የተተኩ አሥራ ዘጠኝ ትንንሾች ግን ከነአፈራቸው ወጥተው ትምህርት ቤቱ ጀርባ ሊዛወሩ ይችላሉ ተባለ። ቁፋሮው ቀን ማንም ሳይጠራው ባሏ አካፋ ይዞ መጣ። አባላቱ ፊት ነሱት። እሱ ግን ዳር ካለው ጀምሮ ሲቆፍር ዋለ፤ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ የአካፋው እጀታ ቀላ። ችግኜ ይህን አይታ ውሃ በጣሳ ወሰደችለት። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስላት ዓይኗን ፈለገ።

«እረፍ» አለችው። ጣሳውን ይዛ ወደ አባላቱ ተመለሰች።

ዛፎቹ የተቆረጡ ቀን ሥራ ላይ ነበረች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጋዙ ድምፅ በመስኮት ገባ። አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ። አለቃቸው አየቻት። ሄዳ ማሽኖቹን ሁሉ አስነሳቻቸው፤ ልብስ የሌለባቸውንም ባዶዎቹን ጭምር። ክፍሉ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ሴቶቹ አንዷን አንሶላ አራት ሆነው ያዙላት፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንደዚያ ሲያጥፉ ቆዩ።

ከተዛወሩት አሥራ ዘጠኝ አራቱ ብቻ ጸደቁ። መምህሩ ክረምቱን ታመው ከረሙና ከቤት መውጣት አቆሙ። ማኅበሩ አሁን አምስት ሰው ነው። ችግኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፤ ወደ ሥራ ስትሄድ ግን በኋለኛው በር ትገባለች፤ ሩቅ ነው፣ ግን መንገዱን አያሳያትም።

ባሏ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። ከሳ። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል፤ ሐኪም አይቶት ሕመም አላገኘበትም። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ጫማዋን ስታስር በር ላይ ይቆምና «ልምጣ?» ይላታል። «እንደፈለግክ» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው፣ ቢመጣ አትከለክለውም። እሱ ግን እንደቆመ ይቀራል።

አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ፣ ገና እንደሰማሁ ብነግርሽ ኖሮ... የሚለወጥ ነገር ነበር?»

የኃላፊው ካርታ ፊቷ ድቅን አለ፤ ባዶው ግቢ፣ ጥጉ የተጠቀለለው ወረቀት። ባሏ እንደ ልጅ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ምንም» አለችው። «ያለቀ ነገር ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሄጄ ጠይቄያለሁ እኮ። ብላ አሁን።»

ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀው። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ፤ ያን ቀን የቀረበለትን አሟጦ በላ። ችግኜ ሌላ ጨምራ አቀረበችለት፤ ጀርባዋን ሰጥታው መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ሲያኝክ እየሰማች በቀሚሷ እጅጌ ፊቷን ጠረገች።