እንደ በሬ የተመረመረችው መኪና

ልጅ እያለሁ አባቴን እንቅልፍ የነሳው ነገር መኪና ነበር። ለጌጥ አልነበረም የፈለጋት። እናቴ እኔን ልትወልድ ስታምጥ ሐኪም ቤት የደረሰችው በፈረስ ጋሪ ነው፤ በየጉድጓዱ ስትጮህ አባቴ ጋሪውን ይዞ በእግሩ ይሮጥ ነበር። ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ ይኼኛውስ እንዲያ አይወለድም ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ ያገለገለች መኪና ይሸጣል በተባለበት ሁሉ መሄድ ጀመረ።

ምክር ሞልቶ ነበር። አንዱ ጎረቤት ጭሷን እይ ይለዋል፣ ሌላው ከምንጣፉ ሥር ዝገት ፈልግ ይለዋል፣ የፋብሪካ ባልደረባው ደግሞ አዲስ ቀለም ካየህ ሽሽ ይለዋል። በዚህ መሀል የእናቴ አባት ሊጠይቁን ከአንበሳሜ መጡ። አያቴ ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ በአገራቸው በደራ ግን እሳቸውን ሳያማክር በሬ የሚገዛ ሰው የለም፤ ይኼ የራሳቸው ምስክርነት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉና ዱላቸውን ይዘው ቀድመውን ወጡ።

ሻጩ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነው የሚሸጧት። ቤታቸው ከከተማችን ሐይቅ ዳር ስለሆነ ግቢው ደንገልና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ነጯ መኪና ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ጎማውን አየ፣ ተንበርክኮ ከሥሯ አየ። አያቴ ግን ዞር ዞር ብለው ኋላዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ጋሽ ይርጋን ልጅ እንዳላቸው ጠየቁ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያ እሷን አስገባና እንሂድ። እኔ ገበያ ስወርድ የበሬውን ጥርስ ሳላይ የባለቤቱን ልጅ ነው የማይ። የሚዋጋ በሬ ከሆነ ልጁን አያስጠጋም።»

ጋሽ ይርጋ ሳቁና ልጃቸውን ሰብለን ጠሩ። የእኔ እኩያ ናት። እየዘለለች መጥታ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ አለች። አያቴ ይኼን ሲያዩ «በቃ፣ ይች ጨዋ ናት!» አሉና እኔን አጠገቧ አስቀምጠው ራሳቸውም ገቡ። ጋሽ ይርጋ መሪውን ያዙ፤ አባቴ ከጎናቸው ተቀመጠ።

መኪናዋ ከከተማው ዳር ያለውን የበዛዊትን ተራራ ያለ ችግር ወጣች። ጋሽ ይርጋ በጉልበቷ እየኮሩ ጫፍ ላይ አዞሯትና ቁልቁል ጀመርን። መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ እግራቸው ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁ። አንገታቸው በላብ ራሰ። ወደ አባቴ ጠጋ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ «ፍሬኑ እንቢ አለኝ» አሉት።

ሰማሁ። አያቴ አልሰሙም፤ ስለ አንድ ቀይ በሬ ማውራታቸውን ቀጥለዋል። ከታች ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። አባቴ እስከ ደረቱ በመስኮት ወጥቶ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ መጮህ ሲጀምር የአያቴ ወሬ ተቋረጠ። «አባቴ ጊዮርጊስ፣ ድረስ!» አሉ። ሰብለ እጄን ጨመቀችና «አባዬ፣ ቀስ በል» አለች፣ ቀስ ማለት የሚችል መስሏት። እንሞታለን ብዬ ያሰብሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ይርጋ ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ሴቶቹ ሸክማቸውን እየጣሉ ወደ ዳር ሲበተኑ፣ መሪውን ወደ ተራራው አዙረው የአፈሩን ግድግዳ እየፋቀች እንድትሄድ አደረጉ። ጥቂት ተጎትታ፣ አዘንብላ ቆመች።

ጋሽ ይርጋ አልወረዱም። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው «ልጄን ጭኜ! ልጄን ጭኜ!» እያሉ አለቀሱ። አባቴ የኋላውን በር ከፍቶ መጀመሪያ የሰብለን፣ ቀጥሎ የእኔን ራስና ክንድ ዳበሰ። አያቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መኪናዋን በንዴት ያዩዋታል። «በሬ ቢሆን ያሳደገችውን ልጅ ያውቃት ነበር» አሉ። «ብረት ምን ያውቃል!»

ይችኑ መኪና አባቴ ገዛት። እናቴ አብደሃል ወይ ብላ ስትጮህበት «ፍሬን ይጠገናል፤ ሰውየው ግን ልጁን አስገብቶ ነው ያሳየኝ። የደበቀኝ ነገር የለም» አላት። ፍሬኗ ተሠራ፤ ወንድሜም በእሷ ሐኪም ቤት ደርሶ ተወለደ። እኔ ግን ቁልቁለት በመጣ ቁጥር በሁለት እግሬ ወለሉን እረግጥ ነበር።

ዛሬ በተራዬ ያገለገለች መኪና እየፈለግሁ ነው። የምፈልገው ስልኬ ላይ ነው፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ከጥሩ ጎኗ የተነሳችው ፎቶ፣ ከሥሩ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ደላላ። መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሰነዱን አጣራለሁ፣ ያም ሆኖ ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ እፈራለሁ። የአባቴ ዓይነት ልብ ከየት እንደሚገኝ የሚነግረኝ የለም፤ ይናፍቀኛል።

ባለፈው አንዲት ሻጭ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ የእናት ነው። «ልጅ ካለሽ ይዘሽ ነይ፤ የእኔም ልጆች አብረውን ገብተው በሐይቁ ዳር እንዞራለን» አለችኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሥዕል ትስላለች።

«ትምህርት ቤት ናት» አልኋት።

ቀኑ እሑድ ነበር።