ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ቆላ፦ ሰው ደጋ ላይ ለምን ተፋፈገ?

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከዳንግላ የተነሣሁት በሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው የአባት ጉዳይ ነው። ርስቴን ለሦስት ልጆቼ ከፍዬ ድንበሩን በድንጋይ ባስለየው፣ ትልቁ ልጄ ሙሉነህ «ይህ ለበሬ ማዞሪያም አይበቃም» ብሎ ከጫግኒ ማዶ ቆላ ገባ። ልመልሰው ነው። ሁለተኛው የቆየ ጥያቄዬ ነው፤ ሰው ደጋ ላይ እየተገፋፋ ሲኖር ሰፊው ቆላ ለምን ባዶ ቀረ? ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ድካም ነው። ስለዚህ ያላየሁትን አልጽፍም።

ከዳንግላ ቆሰበር

ጨው የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ብር ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ ስሙኒ አስቀነስሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የአንዱ ጓሮ የሌላው ደጅ ነው። አፈሩ ወፍራም፣ ምንጩ ቅርብ፣ በየጉብታው ቤተ ክርስቲያን። ሰውን የሚሰበስበው ይህ ነው አልሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳልፍ ግን የማውቀው ፊት አላየሁም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲበዛ ብቸኝነቴ ይብስብኛል።

ቆሰበር ስደርስ ጉም ወርዶ ነበር። እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ባልቴት በቀርከሃ ቤታቸው አሳደሩኝ፤ ድንች ቅቅል በአዋዜ አቀረቡልኝ።

«ጎረቤት አልቀረበብዎትም?» አልኋቸው።

«ቀርቦብኛል እንጂ! ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› የምለው ካልጋዬ ሳልነሣ ነው» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ቆላው ሜዳ እያለ?»

«ወንዶቻችን ወርደው ያርሳሉ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ይወጣሉ። ቆላን እንውልበታለን እንጂ አናድርበትም። የወባው ንዳድ አይምርም።»

መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ልጄንም በዚሁ ልረታው አሰብሁ።

ቁልቁል

በማግሥቱ ከገበያተኞች ጋር በእግሬ ወረድሁ። ገብሱ ቀርቶ በቆሎና ኑግ መጣ፤ ጋቢዬን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት። ጫግኒ አድሬ፣ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ሄድሁ። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ደጋ ላይ የሰው ጫጫታ የሚያማርረኝ ሰውዬ፣ እዚህ የሰው ድምፅ ፍለጋ ደጋግሜ ቆሜ አዳመጥሁ። ምንም የለም።

ሙሉነህን ዳጉሳ ማሳው ዳር፣ ማማው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል፤ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል።

«አባባ! ምነው ሳይልኩብኝ?»

«ልወስድህ መጣሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰው። ማረሱንስ እረስ፤ እንደ ቆሰበር ሰዎች ውለህ ውጣ።»

«እኔ ስወጣ ከርከሮ ይገባል። ደግሞ ለእነሱ ደጋው ከማሳቸው ራስጌ ነው። እኔ ከዚህ የት ወጥቼ ላድር?»

«ብትታመም ማን ያውቅልሃል? ብትሞት ማን ይቀብርሃል?»

ከማማው ወርዶ ወደ ጎጆው ይዞኝ ገባ። የረታሁት መሰለኝ።

ጭሱ

ጠዋት እሱ ማሳ ሲወርድ፣ ደጁ ላይ እሳት አንድዶ እርጥብ ሣር ጭኖበት ሄደ። ጭሱ ወፍራም ዐምድ ሆኖ ቆመ። ዙሪያው የደረቀ ሣር ነው። እሳትን እንዲህ ትቶ መሄድ የዝርክርክ ሥራ ነው ብዬ ውሃ ደፋሁበት።

ብዙም ሳይቆይ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። አራት ሰዎች ከየአቅጣጫው እየሮጡ ወጡ፤ ሁለቱ ቃሬዛ ይዘዋል። የፊተኛው ሽማግሌ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ሙሉነህስ? አለ?»

«ማሳ ወርዷል። እኔ አባቱ ነኝ።»

«ጭሱን ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«ኧረ ሰውዬው! ቁርሴን ጥዬ ሬሳ ልሸከም ብሮጥ፣ ሬሳው ቆሞ ያነጋግረኛል!» አለና መሬት ላይ ተዘረፈጠ። ሌሎቹ በሳቅ ወደቁ። በአገውኛ ተቀላለዱብኝ፤ እኔም ስለምሰማ አፈርሁ።

ሽማግሌው አያ ፈንቴ ይባላል። ነገሩን አስረዳኝ። ቤታቸው ጩኸት አያገናኘውም። ስለዚህ ሁሉም በየማለዳው ያጨሳል፤ ጭሱ ያልታየ ወይም ድንገት የጠፋ ሰው ዘንድ ሁሉም ይሮጣል።

«ክረምት ላይ የልጅዎ ጭስ ታጣ። ንዳድ ጥሎት ነበር። በዚህች ቃሬዛ ጫግኒ አደረስነው።»

ሙሉነህ ከማሳ ሲመጣ ጠየቅሁት፤ «ለምን አልላክህብኝም?»

«ያን ጊዜ ቢመጡ በቃሬዛው እንዳለሁ ዳንግላ ይወስዱኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። ዳንግላ ውስጥ ከእኔ ግድግዳ ማዶ የሚኖር ሰው ታሞ የሰነበተውን የሰማሁት ለቀብሩ ስጠራ ነው። ይህን እያወቅሁ ልጄን «ወደ ሰው ና» ብዬ መድገም አልቻልሁም።

«እሺ፤ ተቀመጥ» አልሁት።

«ድርሻዬን ለወንድሞቼ ይስጡልኝ» አለ። መረቅሁትና ተነሣሁ።

ዳንግላ

ውሃና ወፍራም አፈር ሰውን ይሰበስባል፤ ንዳድ ይበትነዋል። ርስት ደግሞ መጀመሪያ ያስራል፤ ልጅ ሲበዛ መልሶ ይገፋል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ሰው በበዛበት ጉርብትና ይበዛል ማለቴ ግን ስሕተት ነበር። ጎረቤት የሚበዛው እርስ በርስ በመፈላለግ ነው።

ቤቴ ስደርስ ጎጆ የወጡት ሁለቱ ልጆቼ ከኋላዬ ማን እንደሚመጣ ተመለከቱ። የወንድማቸውን ቃል ነገርኋቸው። የሙሉነህን የድንበር ድንጋዮች አብረን ነቀልን። ማሳቸው በመጠኑ ሰፋ፤ ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔም ገባሁ። ቤቱ ሰፋብኝ።