ዲስቻርጅ የተባለ ዕለት

ጎንደር፣ አራዳ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ቻርጅ» የምትለዋን ቃል ሳስተምር ሰሌዳው አይበቃኝም። ዋጋ መጠየቅ ነው፣ መክሰስ ነው፣ የተቆጣ በሬ ተንደርድሮ ሲመጣብህም ነው፣ ስልክ መሙላት ነው፣ አደራም ነው። ተማሪዎቼ «ኧረ ቲቸር፣ አንዱን ብቻ ንገሪን!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔንም አንዳንዴ ያንገሸግሸኛል።

አባቴ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮሶዬ ገጠር ያለው ቤቱ መብራት ስለሌለው ስልኩን መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ያስሞላል። ስልኩ ጭራሽ ሲጠፋ ባለቤቲቱ «ዲስቻርጅ አድርጓል» ትለዋለች። በቃ፣ ለእሱ ዲስቻርጅ ማለት አለቀለት ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ጣለውና ከተማ አምጥቼ ሆስፒታል አስተኛሁት። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። እኔ ወንበር ላይ ሸለብ ነቃ እያልኩ፣ ክፍሉ አልጋውን እንደያዘ ቀስ ብሎ የሚሄድ እየመሰለኝ ነበር። ነርሷ ብቅ አለችና «አባባ፣ ዛሬ ዲስቻርጅ ነዎት!» ብላ እየሳቀች አለፈች።

አባቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።

«ምነው ትስቃለች?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «አለቀልኝ በይኛ።»

ወዲያው ገባኝ። «አይ አባዬ፣ ድነሃል፣ ቤትህ ግባ ማለቷ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ያ ደብተርሽ…» አለ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጠፋ ደብተር ነው። ጥጃ በላው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን አምኜው አላውቅም። እውነቱን ከአፉ ልሰማ ስንት ዘመን ጠበቅኩ!

«እሳት ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ተምረሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ይቅር በይኝ ልጄ። ሸጋ ሰው ወጥቶሻል፤ ይህን ሳልነግርሽ አልሂድ።»

እጁን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ የቃሉን ፍቺ ነገርኩት። ሳል እስኪያፍነው ሳቀ፤ «እንግዲያው ያልኩትን መልሺልኝ!» አለኝ።

«ሞቼ ነው የምመልስልህ!»

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ኮሶዬ ወጣን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ዛፉም ቤቱም ድንገት ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ደስታዬን ግን አንድ ነገር እየበላው ነበር። የገዛ አባቴን ልሞት ነው ብሎ ሲፈራ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

«አባዬ» አልኩት፣ «ነርሷ ምን እንዳለች ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ዝም ያልኩህ እንድትጨርስልኝ ብዬ ነው።»

ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

«ለሚሞት ሰው ማን ይስቃል?» አለ። «እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ዝም ስትይልኝ ጊዜ ነው የጨረስኩት።»