ካርታው ላይ ያልነበረው ፈሰስ

ይመኙሻል አንሙትን ያቃጠላት ኮምፒዩተር ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ ነበር። ውጭ የደብረ ማርቆስ የታኅሣሥ ፀሐይ ቦግ ብሏል፤ ባጃጆቹ አቧራውን ያቦናሉ፤ እሷ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ክረምት ታዘንባለች። ያለፉትን ዓመታት ዝናብ፣ የቁልቁለቱን ልክና የአፈሩን ዓይነት ለፕሮግራሙ ታቀብለዋለች፤ እሱም እያሰላ ውሃው የት ተሰብስቦ የማንን መሬት ቦርቡሮ እንደሚሄድ በሥዕል ያሳያታል። ያለፈውን በትክክል ካሳየ የሚመጣውንም መጠየቅ ይቻላል። ያለፈውን ማሳየት ግን እምቢ አለ።

ቦታው የራሷ አገር ነው፣ ከቁይ ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት። እዚያ የጎረቤታቸውን የጤናዬን የጤፍ መሬት ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ከዓመት ዓመት እየበላ ግማሹን ጨርሶታል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሌላ መሬት የላትም። የቀበሌው ሰው በየበጋው ወጥቶ በቦረቦሩ አናት ላይ ድንጋይ ይክባል፤ ክረምቱ ደግሞ ጠራርጎት ይሄዳል። ይመኙሻል ኮሌጅ እያስተማረች ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራውን ጥናት እዚያ ላይ ያደረገችው ለዚሁ ነው። ድንጋዩ የት ቢደረደር እንደሚይዝ ከየካቲቱ የአፈር ጥበቃ ዘመቻ በፊት ልትነግራቸው ቃል ገብታለች። ጤናዬም «እስቲ አንቺ እንኳ ድረሽልኝ» ብላታለች።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ የጤናዬ መሬት አንድ እፍኝ አፈር አልጎደለበትም። ቦረቦሩ ሄዶ ሄዶ ማንም የማያርሰው ድንጋያማ ቦታ ላይ ይከፈታል። አፈሩን ቀየረች፤ ያው ነው። ዝናቡን አከበደች፤ ድንጋያማው ቦታ ባሰበት። አንዱ ሙከራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ንዴቷን በተማሪዎቿ የፈተና ወረቀት ላይ ትወጣዋለች፤ ይህንንም ራሷ ታውቀዋለች።

«ይሜ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አላት አብሯት የሚያስተምረው ሙሉቀን፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ። «የአፈሩን ጥንካሬ እዚያ መሬት ላይ ብቻ ዝቅ አድርጊውና ይግጠምልሽ።»

«ለምን እዚያ ብቻ ዝቅ ይላል?»

«አልገጥም ስላለሽ ነዋ።»

ሞከረችው። ገጠመም። ሥዕሉን ስታየው ቆየችና አፈረች፤ ምን እንደሚል ለኮምፒዩተሩ አስቀድማ ነግራው ስታበቃ ምክር ልትጠይቀው ነው? ደመሰሰችው።

ለጥምቀት አገሯ ገባች። በማግስቱ የአባቷን የታጨደ ማሳ አቋርጣ ወደ ጤናዬ መሬት ስትሄድ እግሯ ጉድጓድ ገባና በጉልበቷ ወደቀች። ፈሰስ ነው። በዚያ አገር ጤፍ የዘራ ሁሉ ውሃ እንዳይተኛበት ማሳውን አግድም በማረሻ ቀድዶ የሚያወጣው ቦይ። ልጅ ሆና ስትዘለው ያደገችው። ከሳተላይት የተገኘው ካርታ ይህችን የምታህል ነገር አያይም፤ እሷም ከመልመዷ የተነሣ ለኮምፒዩተሩ ልትነግረው አልታሰባትም። «አይ ድንቁርና» አለች እዚያው ተቀምጣ፣ ጉልበቷን እያሻሸች።

ስልኳን ይዛ የተዳፋቱን ፈሰስ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለች መዘገበች። ማርቆስ ተመልሳ አስገባችውና አዘነበችው። ቦረቦሩ በጤናዬ መሬት ላይ ተከፈተ፣ ልክ በቦታው። ደስታዋ ሻይ እስክትጠጣ እንኳ አልቆየላትም፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ወደ ላይ ስትከተለው የላይኞቹ ፈሰሶች ሁሉ አንድ ትልቅ ፈሰስ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱ ደግሞ ጤናዬ ድንበር ላይ ይደፋል። ያ ፈሰስ የአባቷ ነው። ጤናዬ ይህንኑ ስትናገር ኖራለች፤ ሽማግሌም ተቀምጦበታል። አባቷ «ውሃ የእግዜር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ብለው አሸንፈዋታል። እቤት ውስጥ ጤናዬ ነገረኛ ትባል ነበር፤ ይመኙሻልም ብላታለች።

የቀበሌው ስብሰባ ቀን ጠዋት ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ የእትዬ ጤናዬን መሬት የሚያስበላው የእኛ ፈሰስ ነው።»

«ማን አለ?»

«ኮምፒዩተሩ።»

«ለኮምፒዩተሩ ማን ነገረው?»

«እኔ።»

አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀድመዋት ወጡ።

ስብሰባው ላይ ሥዕሉን ዘርግታ ሳትደብቅ ተናገረች፤ ፈሰሱ ሁሉ ወደ አንድ የጋራ ቦይ ይግባ፣ ድንጋዩም በዚያ ቦይ ይደርደር። ቦዩ ከእያንዳንዱ ማሳ ጥቂት ስለሚቆርስ ሰው ሁሉ ሥዕሉ ላይ አጎንብሶ የራሱን ማሳ ፈለገና «የኔን ከዚህ አውጪልኝ» ይላት ጀመር። ጤናዬ ብቻ የይመኙሻልን አባት ትክ ብላ ታያለች። በመጨረሻ ድንጋዩ እንደ ዱሮው ቦረቦሩ አናት ላይ ተከበ፤ እዚያ ለጎብኚ ከመንገድ ይታያላ። ይመኙሻል መናደድ እንኳ ሰለቻት።

ሐምሌ ላይ፣ የጤፍ ዘር ሰሞን፣ አባቷ ደወሉ።

«ያንን ፈሰስ ደፈንሁት» አሏት።

«ውሃውስ አባባ?»

«ወደኛው አዞርሁት፣ በጓሮ በኩል። አንቺ በሰው ፊት ስትናገሪ ጤናዬ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። ሲቆጨኝ ከረመ። እንግዲህ ልክ ሆነ አይደል?»

ስልኩን ዘጋች። ኮምፒዩተሩን ከፍታ የድሮውን ፈሰስ ደፈነች፣ አዲሱን ቀደደች፣ አዘነበችው። መብራቱ ያን ዕለት አልጠፋም፤ ዝናቡ እስከ መጨረሻው ዘነበ። ቦረቦሩ ከጓሮው ጀምሮ ሽቅብ ወጣና ተወልዳ ካደገችበት ቤት ግድግዳ ሥር ደረሰ። ደገመችው፤ ያው ነው። ዓመቱን ሙሉ ልክ እንዲናገር ስትለምነው የኖረችው ማሽን ልክ ተናገረ፤ ፈራች።

እጇ ወደ አፈሩ ቁጥር ሄደ። በዚያች ጓሮ ላይ ብቻ ጥንካሬውን ከፍ አደረገችውና አዘነበች። ቤቱ ዳነ። ሙሉቀን ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር። ይመኙሻል ዓይኗን ጠረገች፣ ሥዕሉን ደመሰሰችና ጃንጥላዋን ይዛ የቁይ መኪና ፍለጋ ወጣች።